የዳሙሊስ ማጣሪያ

አንዲ ሃይዱክ ከምሰሶ ላይ የወደቀ መስሎ ነበር የተገኘው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከፓይን ጎዳና ቤቶች ጀርባ በሚያልፈው ጠባብ የጓሮ መንገድ፣ ከእንጨት ምሰሶው ግርጌ በግንባሩ ተደፍቷል። የሻፍትሂል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተማው በተራሮች መካከል የተወሸቀ የከሰል ከተማ ስለሆነ በጣራ አንቴና ምንም አይያዝም፤ ቴሌቪዥን የሚታየው አንዲ ከምሰሶ ወደ ቤት በዘረጋው ኬብል ነው። ሶፋውን ያልገፋበት፣ ምንጣፉን በጫማው ያላቆሸሸበት ቤት የለም።

መርማሪ ሎይድ ፕሮበርት ሬሳው ጋ ከመድረሱ በፊት የሟቹ መኪና ጋ ቆመ። መሰላሉ ጣራው ላይ በገመድ ታስሯል። ምሰሶ ላይ ሲወጣ የሚታጠቀው ቀበቶ ተጣጥፎ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል።

«ሲሠራ መሽቶበት ወድቆ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው የከተማው ፖሊስ።

«በምን ወጥቶ?»

ፖሊሱ ቀና ብሎ መሰላሉን አየ። ከዚያ በኋላ ስለ መውደቅ አላነሣም።

ከራስ ቅሉ ጀርባ ያለው ቁስል ሰፊና ጠፍጣፋ ነበር። ያቆሰለው ነገርም ሩቅ አልሄደም። ከአጥሩ ማዶ፣ ከአመድ መድፊያው ጀርባ ተወርውሮ ተገኘ፤ አጭር እጀታ ያለው የከሰል አካፋ፣ ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር። እጀታው ላይ በጋለ ብረት ሁለት ፊደሎች ተተኩሰዋል። ብ እና ዳ።

«የብሮኒስ ዳሙሊስ ነው» አለ ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጓሮውም የእሱ ነው።»

*

ሬሳውን ያገኘው ክላረንስ ኡምሆልዝ የዳሙሊስ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ብቻም አይደለም፤ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በፓይን ጎዳና ቤቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው፦ አንድ ጣራ፣ መሃሉ ላይ አንድ ግድግዳ፣ ሁለት በር። ከጎዳናው ሲታይ በግራው በር፣ በቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ዳሙሊስ ይኖራል። በቀኙ በር፣ በቁጥር ሠላሳ ሦስት፣ ኡምሆልዝ።

ኡምሆልዝ የዕቃ መደብር አለው። ፀጉሩን በውሃ አርጥቦ ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። ለፕሮበርት የተሻለውን ወንበር ሰጥቶ ጨው የተነሰነሰበት ፕሬትዝል፣ የተጠማዘዘ ደረቅ ዳቦ፣ በሳህን አቀረበለት።

«ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ነው ያየሁት።»

ፕሮበርት ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? በቴሌቪዥን ቦክስ ነበር'ኮ። ለክፍያው ጣቢያ በየወሩ የምከፍለው ለዚህ አይደል? ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አላልኩም።»

«ብቻዎን?»

«ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሚያናግረኝ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው።» ፈገግ አለ። «በሰባተኛው ዙር ዘረረው። በግራው አታለለና በቀኙ። ጥሩ ግጥሚያ ነበር፤ በሰዓቱ ጀምሮ ንጹሕ ሆኖ ያለቀ።»

«ከጓሮ በኩል የሰሙት ነገር አለ?»

«ያ ሁሉ ሕዝብ ሳሎኔ ውስጥ እየጮኸ ምን እሰማለሁ?» ኡምሆልዝ ፕሬትዝሉን ሰበረና ሳይበላው አስቀመጠው። «ሰው ማማት አልወድም።»

«ግድ የለም። እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሐሜት ልሰማ ነው።»

«ብሮኒስና አንዲ ተጣልተው ነበር። አንዲ መሰላሉን ሲያቆም የሽማግሌውን የወይን ሐረግ ሰበረበት። እና ብሮኒስ በእሳት አደጋ ማኅበሩ አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ‹ሁለተኛ ጓሮዬ ብትገባ ከምሰሶው አወርድሃለሁ› አለው። ምስኪን፤ ሚስቱ አልጋ ላይ ከወደቀች ወዲህ እሱም የድሮው ብሮኒስ አይደለም።» ተነሥቶ እስከ በሩ ሸኘው። «በአንድ ወር ሁለት ሬሳ። ሄለን ሶቦልን ገጭቶ ያመለጠው መኪና እንኳ አልተገኘም አይደል?»

«ገና ነው» አለ ፕሮበርት። ሄለን ሶቦል የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች ነበረች። መኪናውን እየፈለገ ያለው እሱ ነው፤ እስካሁን በእጁ ያለው ከመንገድ የለቀመው የፊት መብራት ስባሪ ብቻ ነው።

*

ዳሙሊስ በሩን የከፈተው ከብዙ ሳል በኋላ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከመሬት በታች የከሰል ብናኝ የሳበ ደረት ያለው፣ ትከሻው ሰፊ ሽማግሌ ነው። ቤቱ የጎመን ሾርባ ይሸታል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ትይዩ፣ አልጋ ተዘርግቷል፤ ሚስቱ ኦና በትራስ ተደግፋለች። በጸደይ ደም አንጎሏ ውስጥ ፈስሶ ቀኝ ጎኗንና ምላሷን ወስዶባታል። የቀሯት ዐይኖቿና ግራ እጇ ናቸው።

«አካፋው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ደጅ ነው የሚያድር። ያሻው ያነሣዋል።»

«አንዲን ከምሰሶው አወርድሃለሁ ብለዋል።»

«ብያለሁ። ባለፈው ዓመት ለቄሱም ብዬ ነበር፤ ቄሱ በሕይወት አሉ።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ ወለሉን። «ተኝቼ ነበር።»

የኦና ግራ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣ። አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ወደቀ።

«ምን አሉ?»

«ውሃ ፈልጋ ነው» አለ ዳሙሊስ። ውሃ ግን አላመጣላትም።

ፕሮበርት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ በኋላም ያ እጅ ከዐይኑ አልጠፋ አለው። ሰውየው እየዋሸ ነው። ሚስቱም ታውቃለች።

*

የስቴላ ዩርኮ መጠጥ ቤት ዓርብ ማታ ጢም ብሎ ነበር። ስቴላ ብርጭቆ እየወለወለች በግንባሯ ወደ ጥጉ ቴሌቪዥን ጠቆመች።

«የክፍያው ጣቢያ ያለን እኔና ጥቂት ሀብታሞች ነን። የቀረው ከተማ እኔ ጋ ነው የሚያይ። አንዲ ገና የመክፈቻ ግጥሚያዎቹ ሲታዩ ገባ።»

«ጠጣ?»

«ቢራ ብቀዳለትም አልነካው። ፊቱ ልክ አልነበረም። ዋናው ግጥሚያ ሊጀመር ሲል የሪንጉ ገመድ ተላቀቀና ሠራተኞች እስኪጠግኑት ተጠበቀ። ሕዝቡ ሲያፏጭ፣ የእኔዎቹም ሲሳደቡ፣ የሰከረው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዲ በዚያ መሃል ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም አንዲ የሞተው ያን ጊዜ አካባቢ ነው ብሏል። ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ባፈጠጠበት፣ ጎዳናው ባዶ በሆነበት ሰዓት።

«ጠላት ነበረው?»

«ጠላት?» ስቴላ ሳቀች። «ከጠላት ይልቅ ወዳጅ ነው የሚያስገድለው። ከፀጉር ሠሪዋ ከዶሎሬስ ቤት ሳያስፈልግ ቴሌቪዥን ሲጠግን ነው የከረመው ይባላል። የእሷ ቴሌቪዥን እንደሚበላሸው የማንም አይበላሽም።»

«ባሏ?»

«ባሏ ያ ወንበር ላይ ነበር፤ ግጥሚያው እስኪያልቅ አልተነሣም። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም፤ አጠገቡ የተቀመጡት ይመሰክራሉ።»

ፕሮበርት እነሱን ጠየቀ። መሰከሩ። ያ በር ተዘጋ።

ሊወጣ ሲል ስቴላ ጠራችው። «አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንዲ ቢራውን እያየ፣ ‹ስቴላ፣ ስለ አንድ ሰው ክፉ ነገር ብታውቂ መጀመሪያ የምትነግሪው ለማን ነው? ለሰውየው ነው ለፖሊስ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? ለሰውየው ነዋ። እኛ ሰፈር ሰው ከጀርባው አይከሰስም። በሩን አንኳኩተህ ፊት ለፊት ትነግረዋለህ፣ ራሱን እንዲያቀና ዕድል ትሰጠዋለህ። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርግ።»

*

ሰኞ ጠዋት ዳሙሊስ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ደውሎ፣ «ይምጣና ያናግረኝ» አለ። ፕሮበርት ሲደርስ ሽማግሌው ተላጭቶ ክራቫት አስሮ ጠበቀው።

«አልተኛሁም ነበር። ቦክሱን እያየሁ ነበር።»

«የት?»

«እዚሁ።»

«የክፍያው ጣቢያ የለዎትም'ኮ።»

«የለኝም። ለዚህ ነው የዋሸሁት።» ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «ሳይከፍል የሚያይ ሌባ ነው ብዬ በማኅበሩ አዳራሽ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሽቦ የሚቀጣጥሉትን ልጆች በስማቸው ነው የጠራኋቸው። ዓርብ ማታ ለኦና ዘፈን ልፈልግላት ጣቢያ ስቀያይር፣ ምንጊዜም ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ሪንግ መጣ። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። እሷ ሳቀች። ወንድሟ ቦክሰኛ ነበር፤ በልጅነቷ ፎጣ ያዥ ነበረች። ከጸደይ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ያ የመጀመሪያዬ ነው። እና አላጠፋሁትም።»

«ግጥሚያው እንዴት ነበር?»

«ከመጀመሩ በፊት ገመዱ ተላቅቆ አስጠበቁን።»

«ያንን ስቴላ ቤት የነበረ ሁሉ ያወራል።»

«እኔ ስቴላ ቤት አልሄድም። ኦናን ለማን ትቼ?»

ፕሮበርት ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደና ማዞሪያውን ወደ ክፍያው ጣቢያ አዞረ። ሽሽሽ እያለ የሚርመሰመስ ነጭ ነጥብ ብቻ። ሽማግሌው ስክሪኑን አየና ራሱ ጎንበስ ብሎ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ አዟዟረው።

ፕሮበርት በጓሮ በኩል ወጥቶ በሟቹ መሰላል ምሰሶው ላይ ወጣ። አንዲ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ የቀየረው የኬብል ሳጥን ብረቱ ገና ያብለጨልጫል። ለጥንዱ ቤት የሚወርዱት ሁለት የኬብል ገመዶች ጎን ለጎን ወጥተው ከአንድ ማንጠልጠያ ላይ ታስረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የቤት ቁጥር ያለበት ምልክት አለ። ሠላሳ አንድ በሚለው ገመድ ሥር ላይ የጣት ያህል የብረት ቱቦ ተሰክቷል። ሠላሳ ሦስት በሚለው ላይ ምንም የለም። ከዚያ ከፍታ የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ይታያል፤ የወይን ሐረጎች፣ የተሰጣ ልብስ፣ የኡምሆልዝ ጋራዥ ከፍ ያለች ትንሽ መስኮት። መስኮቷ ከውስጥ በአዲስ ካርቶን ተሸፍናለች።

ወርዶ የኬብል ኩባንያው ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ቬርና የምትባል ጸሐፊ ናት።

«አቶ ዳሙሊስ የክፍያውን ጣቢያ አልወሰዱም» አለችው። «ላልወሰደ ሰው ገመዱ ላይ ማጣሪያ እንሰካለን። ማጣሪያው ያንን አንድ ጣቢያ ብቻ ያስቀራል፤ ሌላው ያልፋል። ማጣሪያ ካለ ቦክስ አይታይም፣ የኔ ጌታ። ነጭ ነጥብ ነው የሚታይ።»

የፕሮበርት አለቃ ካፒቴን ዶላን ሪፖርቱን ቆሞ ነው የሰማው።

«ሁለት ጊዜ ዋሸ። አካፋው የእሱ፣ ዛቻው የእሱ፣ ጓሮው የእሱ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«አንዲ ስለ አንድ ሰው ያወቀው ክፉ ነገር ነበር።»

«ስለ ሽማግሌው ይሆናላ። ነገ ጠዋት አምጣው። ሚስቱን የአውራጃው የአረጋውያን ቤት መኪና ይወስዳታል፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

ፕሮበርት ያንን ቤት ያውቀዋል። አልጋዎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረዋል፤ አፍ ያለው ሰው እንኳ ውሃ ጠይቆ የሚሰማው የለም። ኦና አፍ የላትም። የእጇን ነገር የሚያውቅ በዓለም ላይ ያ ሽማግሌ ብቻ ነው።

*

አመሻሽ ላይ ፕሮበርት ራሱ ለዳሙሊስ ሊነግረው ሄደ። ሌላ ሰው በሩን አንኳኩቶ ከሚነግረው እኔ ልንገረው ብሎ ነው። በፓይን ጎዳና ላይ የከሰል መኪና ቆሞ በቆርቆሮ አሸንዳ ወደ አንድ ቤት ምድር ቤት ከሰል ያንደረድራል፤ መንገዱ ተዘግቷል። ፕሮበርት ዞሮ በጓሮው መንገድ ገባና የግራውን የአጥር በር ከፍቶ ግቢውን አቋረጠ። የወጥ ቤቱን በር ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ፣ በመስታወቱ ውስጥ የፕሬትዝል ሳህን አየ። ግድግዳው ላይ የኡምሆልዝ መደብር የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

የተሳሳተ ቤት ነው።

እጁን እንዳነሣ ቆመ። ዳሙሊስ በግራ የሚኖረው ከጎዳናው ሲታይ ነው። ከጓሮ ሲታይ በቀኝ ነው። ጎዳናውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ እሱ አሁን እንደተሳሳተው።

ቀስ ብሎ ዞረና ምሰሶውን ቀና ብሎ አየው። ምሰሶው የቆመው በጓሮ ነው። አንዲ የሠራው ፊቱን ወደ ቤቶቹ ጀርባ አዙሮ ነው።

የዳሙሊስን በር ሲያንኳኳ ሽማግሌው ፊቱን አይቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

«ልትወስዱኝ ነው። ለኦና ልብስ እያዘጋጀሁላት ነው።» ሁለት የሌሊት ልብስ በክንዱ ይዟል። «ወፍራሙ ይሻላታል አይደል? እዚያ ይበርዳል ይባላል።»

«ቴሌቪዥኑን ልክፈተው?»

«እንዳሻህ።»

ፕሮበርት ከፈተና ወደ ክፍያው ጣቢያ አዞረ። ጠዋት ነጭ ነጥብ የነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ከባቡር ስትወርድ ታየች። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ኦና ግራ እጇን አነሣች። በዚህ ጊዜ እጁ ወዴት እንደሚያመለክት ግልጽ ነበር፤ ቅዳሜም ወደዚሁ ቴሌቪዥን ነበር ያመለከተው።

«ጠዋትስ ለምን እምቢ አለ?» አለ ሽማግሌው።

ፕሮበርት ስልኩን አንሥቶ ቬርናን ሊዘጉ ሲሉ አገኛት። «የክፍያው ጣቢያ ጠዋት ይሠራል?»

«አይ፤ ከአመሻሽ በፊት ምንም አያሳይም። ቀን ላይ ለሁሉም ሰው ባዶ ነው።»

«አቶ ኡምሆልዝ በዚህ ሰሞን ደውለዋል?»

ቬርና ሳቀች። «ይገርማል፣ አልደወሉም። ምስሉ ፀጉር ታህል ከተንቀጠቀጠ ይደውላሉ። ድምፃቸውን ከእናቴ ድምፅ ይልቅ ነው የምለየው። ከዓርብ ወዲህ ዝም። ታመው ይሆን እያልኩ ነበር።»

ፕሮበርት ስልኩን ዘግቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ዓርብ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ቴሌቪዥን ሰምተዋል?»

«እሱ ሲያይ እኛም ነው የምንሰማው። ዓርብ ግን ጸጥ ያለ ነበር። ስቴላ ቤት የሄደ መስሎኝ።» ልብሶቹን እንደታቀፈ ቆሟል። «ልጨርስ? ወይስ ልተወው?»

«ለጊዜው ይተዉት።»

*

ኡምሆልዝ ከመደብሩ ሲመለስ ፕሮበርት በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘው። የከተማው ፖሊስ ጋራዡ አጠገብ ቆሟል። ኡምሆልዝ ፖሊሱን አላየውም።

«ፊልም አለ አሉ» አለ ፕሮበርት። «አብረን እንይ ብዬ ነው።»

«በሥራ ሰዓት?» ሳቀ። ሳሎን ገብቶ ግን መብራቱን ብቻ ነው ያበራው። «ተበላሽቶብኛል። ዛሬ ነው የተበላሸ።»

ፕሮበርት ራሱ ከፈተው። ነጭ ነጥብ ተርመሰመሰ። ሌሎቹ ጣቢያዎች ግን ደህና ነበሩ።

«ለኩባንያው ደወሉ?»

«ነገ እደውላለሁ።»

«ቬርና ናፍቀዋታል። ከዓርብ ወዲህ ዝም አሉ ትላለች።»

ኡምሆልዝ ካፖርቱን እያወለቀ ነበር፤ አንድ እጁ እጅጌው ውስጥ ቀረ።

«የሪንጉ ገመድ ሲላቀቅ ምን ተሰማዎት?»

«የምን ገመድ?»

«ግጥሚያው በሰዓቱ አልጀመረም፣ አቶ ኡምሆልዝ። ከተማው ሁሉ ሲሳደብ ነው ያመሸው። የቅዳሜ ጠዋቱ ጋዜጣ ግን ያንን አልጻፈም፤ የጻፈው ስለ ሰባተኛው ዙር ነው።» ፕሮበርት ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «አንዲ ዓርብ ከሰዓት የሁለቱን ገመዶች ምልክት አቀያየረው። የጎረቤትዎ ማጣሪያ በእርስዎ ገመድ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ምሰሶው ላይ የሠራ ሰው የለም። ዓርብ ማታ በዚህ ቤት ቦክስ ማየት የሚችል ሰው አልነበረም። በዚያኛው ቤት ነበር።»

«ስሕተት ነው እንግዲህ። የእኔ ጥፋት ነው?»

«ስሕተቱ የአንዲ ነው። እኔ አንዲን የሚያህል ሰው ምን ቢያይ ነው ቀኝና ግራው የጠፋው እያልኩ ነው የማስበው። ከዚያ ምሰሶ ላይ የጋራዥዎ መስኮት ይታያል። ዓርብ ካርቶን አልነበረባትም፤ አይደል?»

ኡምሆልዝ ካፖርቱን መልሶ ለበሰ። ለብሶም ቆመ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረም።

«ጋራዡን ይክፈቱልኝ።»

ቁልፉ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሸራ ተሸፍኖ ጥቁር መኪና ቆሟል። ፖሊሱ ሸራውን ገለጠው። የፊት መብራቱ አንዱ የለም፤ ሞተር መክደኛው ታጥፏል።

«ዝናብ ነበር» አለ ኡምሆልዝ። «ሄለንን አላየኋትም። ስቆም አልተነሣችም። ከዚያ... ነዳሁ።»

«አንዲስ?»

«መጣና አየሁት አለኝ። አልተቆጣም። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ራስህ ሄደህ ተናገር አለኝ። ‹ካፈርክ አብሬህ እሄዳለሁ› አለኝ። እጁን እዚህ ጋ አድርጎ ነበር።» ትከሻውን ነካ። «እሺ አልኩት። አመሰገንኩት እንኳ። በዳሙሊስ ጓሮ አቋርጦ ወደ መኪናው ሲሄድ አካፋው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።»

ፖሊሱ እጁን ሲያስረው ኡምሆልዝ እጅጌውን ሰብስቦ ረዳው።

*

ካፒቴን ዶላን የአረጋውያን ቤቱን መኪና ራሱ ደውሎ ሰረዘው። ስለ ዳሙሊስ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያ ሽማግሌ ከመጀመሪያው እውነቱን ቢናገር ኖሮ...» አለና ተወው። ቢናገር ኖሮም የሚያምነው እንዳልነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

ማክሰኞ ፕሮበርት ስቴላ ቤት ገባ። ሰው አልነበረም። ስቴላ ወንበሮቹን ከጠረጴዛ ላይ እያወረደች ነበር።

«ለሰውየው ነው የነገረው?» አለችው ሳትዞር።

«አዎ።»

አንድ ወንበር አውርዳ ራሷ ተቀመጠችበት። «እኔ ነኝ እንደዚያ በል ያልኩት።»

«ሳትነግሪውም ያደርገው ነበር። ልቡ ወደዚያው ነበር።»

«ይሆናል።» የጠረጴዛውን ጠርዝ በጨርቋ ጠረገች። «ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?»

ፕሮበርት የቀሩትን ወንበሮች አወረደላትና ወጣ።

ረቡዕ ኩባንያው ከተራራው ማዶ ሌላ ሠራተኛ ላከ። ፕሮበርት ሲደርስ ሠራተኛው መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፏል። ዳሙሊስ ክራቫት አስሮ ሥሩ ቆሞ ያዝዘዋል።

«ማጣሪያዬን መልስልኝ። የራሴን ማጣሪያ፣ በራሴ ገመድ ላይ። አንድ ቀን ሙሉ ልጠብቅህ አልችልም።»

«ወደ ላይ የሚወጣ የለም» አለ ፕሮበርት።

ሠራተኛው ኮፍያውን አስተካከለ። «ፎቶ አንሥታችሁት የለ እንዴ?»

«ፎቶ ይጠፋል። ሳጥኑ፣ ገመዶቹና ማጣሪያው የፍርድ ቤት ማስረጃ ናቸው። ጉዳዩ እስኪዘጋ ማንም አይነካቸውም።»

«እኔስ?» አለ ዳሙሊስ ተቆጥቶ። «እስከዚያ ሌባ ሆኜ ልኑር?»

«ሌባ አይደሉም፣ አቶ ዳሙሊስ። ማስረጃው በትክክል መሥራቱን በየማታው ማየት ያለበት ሰው ያስፈልገኛል። ቢበላሽ ይደውሉልኛል።»

ሽማግሌው ጠረጠረው። ምሰሶውን አየ፣ ፕሮበርትን አየ፣ ሠራተኛውን አየ። ሠራተኛው መሰላሉን ማሰር ጀምሯል።

«ፍርዱ መቼ ነው የሚያልቅ?»

«ዳኛው ቀጠሮ ማርዘም ይወዳሉ» አለ ፕሮበርት። «ከጸደይ በፊት አይመስለኝም።»

ዳሙሊስ ክራቫቱን ፈታ። እጁ ላይ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ገባ። ፕሮበርት በመስኮቱ በኩል ሲያየው፣ አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ኦና ጆሮ አስጠግቶ ነበር፤ በጣም በዝግታ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጣት እየተጠነቀቀ ይነግራታል።